የቀኝ ሜዳው ትራምፔት

የቤዝቦል ቡድኑ ሽመላዎቹ በተከታታይ ለአሥራ ሰባተኛ ጊዜ በተሸነፉ ማግስት ኢሳያማ ቴሩዮ የፀጉር ቤቱን መጋረጃ ሲገልጥ ጢሙ ፊቱን ውጦት ነበር። ጢሙ የተንጨባረረ ፀጉር አስተካካይ ማየት ጥርስ የሌለው የጥርስ ሐኪም እንደማየት ነው፤ ደንበኛ ያስበረግጋል። በወደቧ ከተማ በኦኪሃማ ግን ማንም አልበረገገም፤ ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። ኢሳያማ ቡድኑ እስኪያሸንፍ ድረስ ምላጭ ፊቴን አይነካም ብሎ ከማለ ሃያ አራት ቀን ሆኖታል። ሲምል ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን ይፈጃል ብሎ ነበር።

የመጀመሪያው ደንበኛ አዛውንቱ ኦጋታ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ራሳቸው ላይ የቀረው ፀጉር አንድ እፍኝ አይሞላም፤ እሳቸው ግን በየሳምንቱ ይመጣሉ።

«ዛሬስ እንዴት ላድርግልዎት አባባ ኦጋታ?»

«እንደ ሽመላዎቹ አድርግልኝ። ከላይ ምንም አታስቀር።»

ኢሳያማ ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ አሰረ። ሳቁ ከጢሙ ውስጥ ሳይወጣ ቀረ።

«ትናንት ስንት ለስንት ሆናችሁ?» አሉ ኦጋታ፤ ውጤቱን ከእሱ በፊት ሰምተውታል።

«አንድ ለዘጠኝ።»

«አንዷን ማን አመጣት?»

«የእነሱ ኳስ ወርዋሪ ተሳስቶ ነው የሰጠን።»

«አልተሳሳተም። ጨዋ ሰው ነው፤ ባዶ እጃችሁን ወደ ቤት ስትሄዱ አላስቻለውም።»

ኢሳያማ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ትራምፔት የተማረው በትምህርት ቤት የሙዚቃ ቡድን ሲሆን፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ የቀኝ ሜዳ ማኅበር የሚባለው የደጋፊዎች ስብስብ አባል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቡድኑ በከተማው በተጫወተ ቁጥር፣ ከሜዳው ጀርባ በቀኝ በኩል ባለው የእንጨት መቀመጫ አምስተኛ ረድፍ ላይ ቆሞ ነፍቷል። እዚያ እያንዳንዱ መቺ የራሱ ዘፈን አለው። ዘፈኑን ክለቡ አይሰጠውም፤ ደጋፊው ነው የሚሠራለት። ተጫዋቹ ዱላውን ይዞ ብቅ ሲል መጀመሪያ ትራምፔቱ ይጠራዋል፣ ከበሮው ይከተላል፣ ከዚያ ስምንት ሺሕ ጉሮሮ በአንድ ላይ ይከፈታል። የሰው ድምፅ እንዲህ አንድ ላይ ሲነሣ የእንጨቱ መቀመጫ ከሥር ይንቀጠቀጣል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ሰው እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ተጋጣሚው ለመምታት ሲቆም ደግሞ ዝም ይላሉ፤ ተራው የሌላው ነውና።

ኢሳያማ ስድሳ አራት ዘፈን ሠርቷል። ተጫዋች ሲሰናበት ዘፈኑም አብሮት ይሰናበታል፤ ለሌላ አይሰጥም። ስለዚህ ከወንበሩ ጀርባ፣ ከፎጣዎቹ በላይ፣ ዳግመኛ የማይዘፈኑ ዘፈኖች የተጻፉባቸው ደብተሮች ተደርድረዋል።

አሁንም ከሚዘፈኑት አንዱ የሙናካታ ሾጎ ነው። ሙናካታ የተወለደው ከፀጉር ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። የልጅነት ፀጉሩን የቆረጠለት ኢሳያማ ነው፤ ቡድኑ የቀጠረው ቀን ወለል እየጠረገ ዘፈኑን የሠራለትም እሱ ነው። ዛሬ ሙናካታ ሠላሳ ስድስት ሆኖታል። ስድስት ጊዜ ቆሞ አንዴ ቢመታ ነው።

ኢሳያማ ለማንም፣ ለሚስቱ ለቶሚኤም ቢሆን፣ ነግሮት የማያውቅ አንድ ጥያቄ ነበረው። ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል፣ ተጫዋቾቹ ይሰሙናል? ወይስ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የነፋሁት ለነፋሱ ነው? ቡድኑ ሲያሸንፍ ጥያቄው ይተኛል። አሁን ግን አሥራ ሰባት ጨዋታ ሙሉ ነቅቶ ነበር።

በዚያ ጠዋት ኦጋታ ጋዜጣቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ነበር። ኢሳያማ ከትከሻቸው በላይ አነበበው። የክለቡ ፕሬዚዳንት ስለ ሽንፈቱ ተጠይቆ እንዲህ ብሏል፦ «ደጋፊዎቻችን ብንሸነፍም ይመጣሉ። በጣም እናመሰግናቸዋለን።»

መቀሱ ቆመ።

«ምን ሆንክ? ጆሮዬን ቆረጥከው?» አሉ ኦጋታ።

«ኧረ አልቆረጥኩም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ? አንተ ዝም ስትል ያስፈራል።»

ኢሳያማ በመስተዋቱ ውስጥ የራሱን ጢም አየ። «ያስፈራል?» አለ ቀስ ብሎ።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ አሥራ አራት ሰዎች በዋኩይ ሂሮኤ ዓሣ ቤት ጓሮ ተሰበሰቡ። ሂሮኤ የማኅበሩ ከበሮ መቺ ናት፤ ክንዷ የወደብ ሠራተኛ ክንድ ያህላል፣ ምላሷ ከዓሣ ቢላዋዋ ይሰላል። ሰዎቹ የበረዶ ሣጥኖቹን ገልብጠው ተቀመጡ። የማኅበሩ አለቃ ኢሳያማ ጋዜጣውን አነበበላቸውና፣

«እሑድ እንገባለን፤ ቦታችን ላይ እንቀመጣለን፤ ስታዲየሙን እስክንወጣ ድረስ ድምፅ አናሰማም» አለ። «ትራምፔት የለም፣ ከበሮ የለም፣ ጭብጨባ የለም። ያለ እኛ ያ ቦታ ምን እንደሚመስል ይዩት።»

«እኔ አልስማማም» አለች ሂሮኤ። «ከበሮ የተሠራው ሊመታ ነው። ፕሬዚዳንቱን መቅጣት ከፈለግን ቢሮው ድረስ ሄደን የበሰበሰ ዓሣ እንወርውርበት። ዓሣው ከእኔ።»

«ፕሬዚዳንቱ ዓሣ አይሰማም፤ ዝምታ ግን ይሰማል።»

«ተጫዋቾቹስ አለቃ? እነሱ ምን በደሉ?»

«አሥራ ሰባት ጊዜ በድለዋል» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ።

እጅ ወጣ። ከሂሮኤ በቀር ሁሉም ደገፉት። እሷም ትንሽ ቆይታ እጇን ወደ ላይ ወረወረችው። «ብቻዬን ብመታ እብድ ነው የምባለው» አለች።

እሑድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ጨዋታው ተጀመረ። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ስለነበር በቀኝ በኩል ያለው ሕዝብ በሙሉ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። የመጀመሪያው መቺ ወጣ። ማንም አልጠራውም። ልጁ ዱላውን እንደያዘ ወደ ቀኝ ሜዳ ቀና ብሎ ተመለከተ፤ መብራት ጠፍቶበት ግድግዳ እንደሚዳስስ ሰው።

ኢሳያማ ደግሞ ያላሰበው ነገር ገጠመው። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታውን ሰማው። ኳሷ የቆዳ ጓንት ውስጥ ስትገባ የምታሰማውን ድፍን ያለ ድምፅ፣ ሯጩ ሲንሸራተት አሸዋው የሚያወጣውን ሹክሹክታ፣ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ሲጠራሩ «ያንተ! ያንተ!» የሚሉትን፣ ከግንቡ ማዶ የባሕሩን ትንፋሽ። ይህ ሁሉ እዚህ ነበር? ትራምፔቱን ጭኑ ላይ እንዳደረገ አፉን ከፍቶ አዳመጠ። ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ።

በስድስተኛው ዙር፣ ሁለት የሽመላዎቹ ሯጮች ቤዝ በሚባሉት የሩጫ ማረፊያዎች ላይ ቆመው ሳለ፣ ሙናካታ ለመምታት ወጣ። የኢሳያማ ጣቶች ሳያዛቸው የትራምፔቱን ቁልፎች ተጫኑ፤ ድምፅ ሳይኖር ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ነኩት። ሁለተኛዋ ኳስ መጣች። ዱላው ሲያገኛት የተሰማው ድምፅ አንድ ደረቅ ግንድ መሐል ለመሐል ሲሰነጠቅ የሚያሰማውን ይመስል ነበር። ኳሷ ሰማዩ ላይ ወጣች፣ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ወደ እነሱ መጣች። ስምንት ሺሕ ሰው እጁን እንዳጣመረ አንገቱን ብቻ አነሣ። ኳሷ ከኢሳያማ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ ባዶ መቀመጫ ላይ ነጥራ ወለሉ ላይ ተንከባለለች፤ ሊያነሣት ያጎነበሰ ሰው አልነበረም። በሌላ ቀን ቢሆን ለእሷ ሲሉ ሰዎች ጥርስ ይሳበራሉ። የሂሮኤ እንባ ጉንጮቿ ላይ ይወርዳል፤ እንዳትጠርገው እጇ ተጣምሯል።

ኳሷ ከሜዳው አልፋ ስለወደቀች ሙናካታና ሁለቱ ሯጮች ዞረው ገቡ፤ ሽመላዎቹ በዚያችው ምት ሦስት ለባዶ አሸነፉ።

«አለቃ» አለች ሂሮኤ በከንፈሯ ብቻ። «አሸነፍን እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«እንጩህ?»

«ስታዲየሙን እስክንወጣ ነው ያልነው።»

«ልቤ ሊቆም ነው!»

«ውጪ ወጥተሽ ይቁም።»

ስምንት ሺሕ ሰው እንደ ቀብር ሸኚ በጸጥታ ደረጃውን ወረደ። ብስክሌቶቹ ከቆሙበት ሲደርሱ ግን ጩኸቱ ፈነዳ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ፣ አንድ ሰውዬ የሌላ ሰው ብስክሌት ሳመ። ኢሳያማ ቤቱ ገብቶ ጢሙን ላጨ። ቶሚኤ በሩ ላይ ቆማ አየችውና፣ «እኔ እኮ ረስቼህ ነበር። ለካ አገጭ አለህ» አለችው።

ማክሰኞ ዕለት ትራምፔቱን ወልውሎ ሄደ። ተቃውሞው ለአንድ ቀን ነበር፤ መልእክቱም ደርሷል። በመግቢያው ላይ ግን ሂሮኤ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ቆማ ጠበቀችው። አጭሩን ሰማያዊ የማኅበሩን ካባ ለብሳለች፤ ከበሮዋ የለም።

«አለቃ፣ ያንን ነገር ከቦርሳው አታውጣው።»

«ምነው?»

«ያሸነፍንበትን ነገር አንነካም። ይህንን ያስተማርከን አንተ ነህ።»

እውነት ነበር። ኦኪሃማ ውስጥ ቡድን እያሸነፈ ካልሲ አይታጠብም፣ ወንበር አይቀየርም፣ ባሸነፉበት ቀን የተበላው ምሳ በማግስቱ ይደገማል። ከስምንት ዓመት በፊት ቡድኑ ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ሲያሸንፍ፣ ሂሮኤ ሶሉ የተገነጠለ ጫማዋን እንዳትቀይር የከለከላት ኢሳያማ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን አነከሰች።

«እሺ» አለ። «ዛሬን ብቻ።»

ማክሰኞ አሸነፉ። ረቡዕ አሸነፉ። ቅዳሜና እሑድም አሸነፉ። አምስት ሆነ። በቀኝ በኩል ያለው ሕዝብ እጁን አጣምሮ መቀመጡን ለመደው፤ ልክ ከጥንት የነበረ ልማድ መሰለ።

ሰኞ ፀጉር ቤቶች ሁሉ ይዘጋሉ፤ ሌላ ሌላው ቀን ግን የኢሳያማ ቤት በቀልድ ተሞላ። ኦጋታ ወንበሩ ላይ ገና ሳይመቻቹ፣

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንተ ነበርክ ለካ!» አሉ። «እኛ አሠልጣኝ ስናባርር፣ ወርዋሪ ስንቀይር! ችግሩ አምስተኛ ረድፍ ላይ ቆሞ ይነፋል!»

ኢሳያማ አብሮ ሳቀ። በማግስቱ ሌላ ደንበኛ ያንኑ ተናገረ፤ አሁንም ሳቀ። ሦስተኛው ሲናገር ግን ሰውየው አልሳቀም፤ ከልቡ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሥር አንድ የአበባ ማሰሮ አገኘ። በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ትንሽ ወረቀት ተሰክቶበታል፦ «ስለ ዝምታዎ ከልብ እናመሰግናለን። እባክዎ በዚሁ ይቀጥሉልን።»

ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆመ። ስድብ ቢሆን ይቀደዳል። ምስጋና ግን ምን ይደረጋል? ማሰሮውን ወደ ቤት አስገብቶ ውኃ አጠጣው። ከዚያ ደብተሮቹ ፊት ቆሞ በልቡ ወደ ኋላ ሄደ፤ ስድሳ አራቱ ሰዎች በዓይኑ ፊት ተራ በተራ ዱላ ይዘው ወጡ፣ እሱ ነፋላቸው፣ ተራ በተራም አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄው መልኩን ለወጠበት። ቀድሞ ባይሰሙንስ ብሎ ነበር የሚሰጋው። አሁን የፈራው ሰምተውት ቢሆንስ ብሎ ነው።

ሰኞ ከሰዓት የተዘጋው በር ተንኳኳ።

«ዝግ ነን!»

«እኔ ነኝ ጋሽ ኢሳያማ። ሾጎ።»

ሙናካታ ቆቡን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ገባ። እንደ ልጅነቱ ጫማውን አስተካክሎ አኖረ። ቶሚኤ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ አቀረበችና ወደ ጓዳ ተመለሰች። ኢሳያማ መጋረጃውን ሳይገልጥ ጨርቁን አሰረለት። አናቱ ላይ ሽበት ጀምሮታል።

«ሰሞኑን ጥሩ እየመታህ ነው» አለ።

«አምስት ጨዋታ፣ ስምንት ምት» አለ ሙናካታ። ድምፁ ውስጥ ደስታ የለም።

 ከዚያ ኢሳያማ፣ ዓይኑን ከፀጉሩ ሳያነሣ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የያዘውን አወጣው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳታፍርብኝ። እኛ ስንነፋ፣ እዚያ ሆናችሁ ይሰማችኋል?»

ሙናካታ በመስተዋቱ ውስጥ አየው። «ይሰማል» አለ። «ሁሉም ይሰማል። ከበሮው በእግር ነው የሚገባው። የእርስዎ ትራምፔት ደግሞ የመጀመሪያው ድምፅ ላይ ትንሽ ይሰነጠቃል፤ እሱም ይሰማል።»

ኢሳያማ መቀሱን ከፀጉሩ አራቀ። የወንበሩን ጀርባ ያዘ።

«በመጀመሪያዎቹ ዓመታት» ሙናካታ ቀጠለ፣ «ሲነፉልኝ ከመሬት የምነሣ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን... እንዴት ልበልዎት። ትራምፔቱ ሲጀምር መንደሩ ሁሉ ትከሻዬ ላይ ይወጣል። እናቴ፣ ዓሣ ገበያው፣ አባባ ኦጋታ፣ ይህ ወንበር። ዱላው ይከብደኛል። ያን እሑድ ማንም አልነበረም። ኳሷና እኔ ብቻ። ዱላው እንደ እርሳስ ቀለለኝ።»

ኢሳያማ መቀሱን መደርደሪያው ላይ አኖረው።

«ውሌ ዘንድሮ ያልቃል። አሠልጣኙ ነገ ከጨዋታው በኋላ ስሜን ለክለቡ ያቀርባል፤ ይቆይ ወይም ይሂድ ይላል። አንድ ዓመት ብቻ ነው የምፈልገው። ሌላ ሥራ አላውቅም።» ሙናካታ ከወንበሩ ወረደ። ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ በራሱ የተቆረጠ ፀጉር መካከል ተንበርክኮ ግንባሩን ወለሉ ላይ አደረገ። «ይህን መጠየቅ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ አይንፉልኝ። ማንም ቢለምንዎት፣ ምንም ቢሆን። እንዲህ እንዳልኩም ለሰው አይንገሩብኝ። ደጋፊውን ጠላ ከተባልኩ ከተማው ውስጥ መኖር አልችልም።»

«ተነሥ ሾጎ። ኧረ ተነሥ፣ ልብስህ...»

«እሺ ካላሉኝ አልነሣም።»

«እሺ» አለ ኢሳያማ። «አልነፋም።»

ከሄደ በኋላ ቶሚኤ ወጥታ፣ «ልጁ ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«ፀጉሬ ሳሳ ብሎ አዝኖ ነው።»

«ሁላችሁም ከዚህ ሌላ ሐዘን የላችሁም» ብላ መጥረጊያውን አቀበለችው።

ማክሰኞ የመጸው በዓል ነበር። ሰው ጠዋት የቤተሰቡን መቃብር አጥቦ፣ አበባ አኑሮ፣ ከሰዓት በስምንት ሰዓት ስታዲየም ገባ። ቀኝ በኩል ጢም ብሎ ሞላ። እስከ አምስተኛው ዙር ሽመላዎቹ ይመሩ ነበር። በሰባተኛው እኩል ሆኑ። በስምንተኛው አምስት ለአራት ተመሩ። ያኔ ዝምታው ተለወጠ። ኢሳያማ በጆሮው አወቀው፤ እስከዚያ ድረስ የታጠፈ እጅ ዝምታ ነበር፣ አሁን ግን የታፈነ ጉሮሮ ሆነ።

ዘጠነኛው ዙር፣ የመጨረሻው። ሁለት ሰው ወጥቷል፤ ሦስት ኳስ የሳተ መቺ ይወጣል፣ ሦስተኛ ሰው ከወጣ ደግሞ ጨዋታው ያበቃል። ሦስቱም ቤዝ ላይ የራሳቸው ሰዎች ቆመዋል። አንድ ምት ካገኙ ያሸንፋሉ። ተራው የሙናካታ ነው።

ሂሮኤ ዞር አለች። ከመቀመጫዋ ሥር ከበሮዋን ስትስብ ኢሳያማ ከበሮው እዚያ እንደነበረ እንኳ አላወቀም ነበር።

«አለቃ፣ አውጣው!»

«ያሸነፍንበትን አንነካም አላልሽም?»

«እየተሸነፍን እኮ ነው! አውጣውና ጥራው!»

ከታች ያለው ረድፍ ዞረ። ከዚያ የታችኛው። «ንፋ!» አለ አንድ ሰው፤ ሌላውም ተቀበለው። ባለፈው ሳምንት በምስጋና አፉን የዘጉት ሰዎች አሁን ለመኑት። አንዲት ሴት ሁለት እጇን አጋጥማ እንደ ጸሎት ዘረጋችለት። አንድ ሰውዬ ቦርሳውን ሊነጥቀው እጁን ሰደደ፤ ኢሳያማ ቦርሳውን ከሥሩ አድርጎ ተቀመጠበት።

ሙናካታ ቦታው ላይ ደርሶ ወደ ቀኝ ሜዳ አንዴ ቀና አለ። ኢሳያማ እጁን አጣመረ። አፉ ውስጥ ምላሱ የመጀመሪያዋን ድምፅ ቅርጽ ይዛ ተቀምጣለች። ቢነፋ ምናልባት ይመታ ይሆን? ባይነፋስ? በዚህ ዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሙናካታም ራሱ አያውቅም። እሱ ግን ቃል ሰጥቷል።

የመጀመሪያዋን ኳስ ሙናካታ ሳታት። ሁለተኛዋን በዱላው ጫፍ ነካት፤ ወደ ጎን ወጣች፣ ይህም እንደ መሳት ይቆጠራል። ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ። ተቀምጦ የቀረው ኢሳያማ ብቻ ስለነበር ሦስተኛዋን አላያትም፤ በሰዎች ጀርባ ተከልሎ ነው የሰማት። ዱላው አየሩን ሲቀድ፣ ከዚያም ኳሷ ጓንት ውስጥ ስትገባ። ድፍን ያለ ድምፅ። ዝምታው ስላስተማረው፣ ይህ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በፊት አወቀ።

«ለምን አልነፋህም? ለምን?» ጩኸቱ ከሁሉም አቅጣጫ መጣ። አንድ ሰው የቢራ ኩባያ ወረወረበት። ሂሮኤ እላዩ ላይ ቆመች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብሬህ መታሁ» አለችው። «ዛሬ ግን ማን እንደሆንክ አላወቅሁም።» ክንዱ ላይ ያሠረውን የአለቃነት ጨርቅ ፈታ ወሰደችው።

«ይቅርታ» አለ ኢሳያማ። 

ታች ሜዳው ላይ ሙናካታ ገና አልሄደም። መከላከያ ቆቡን አውልቆ ወደ ቀኝ ሜዳ ዞረና ወገቡ እስኪታጠፍ አጎነበሰ። «አሁን ማጎንበስ ምን ያደርጋል!» ብለው ጮኹበት። ኢሳያማም ከቦርሳው ላይ ተነሥቶ፣ ቢራው ከትከሻው እየተንጠባጠበ፣ መልሶ አጎነበሰ። እሱንም እንዲሁ ሰደቡት።

ሐሙስ ዕለት ሙናካታ ከዋናው ቡድን መውረዱና ውሉ እንደማይታደስ በጋዜጣ ወጣ። በሁለት መስመር። ኢሳያማ ደብተሩን አውርዶ በሙናካታ ዘፈን ገጽ ጥግ ላይ ቀኑን ጻፈ፤ ለተሰናበቱት ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። እጁ ግን በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

አርብ ሂሮኤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ማኬሬል ይዛ መጣች። የመስተዋቱ መደርደሪያ ላይ ጣል አደረገችው፤ ከጎኑም የአለቃነቱን ጨርቅ።

«ዓሣው ዛሬ የተያዘ ነው» አለች።

«አመሰግናለሁ።»

«በሙናካታ ቦታ ኪዶ የሚባል ልጅ ገብቷል። ዘፈን የለውም። ነገ ይጫወታል።»

«ሌላ ሰው አይሠራለትም?»

«ማን? እኔ? እኔ የማውቀው ዱም ዱም ነው።» በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። «ያን ቀን ለምን እንዳልነፋህ ልትነግረኝ አትፈልግም?»

«አልችልም።»

ሂሮኤ የበሩን መጋረጃ ገለጠች። «እሺ» አለች። «ዓሣውን ሳትቆይ ጥበሰው።»

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ አልመጣም። ኢሳያማ በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለኪዶ ዘፈን ሠራ። መጀመሪያ የጻፈው እንደ ሌሎቹ ነበር፤ ሰፊ፣ ወደ ላይ የሚወጣ፣ መንደር የሚያህል። አንብቦ ደነገጠ። ይህን ሁሉ ማን ይሸከማል? ከላይ ቆረጠለት። ከጎን ቆረጠለት። የኦጋታን ፀጉር እንደሚቆርጥ እስኪመስለው ድረስ ቆረጠ፤ በመጨረሻ አራት ድምፅ ቀረ፣ ከዚያ ሰው የሚተነፍስበት ባዶ ቦታ፣ ከዚያ እንደገና ያው አራት ድምፅ። ትራምፔቱን አንሥቶ ሞከረው።

«እንግዳ መጣ እንዴ?» አለች ቶሚኤ ከጓዳ ብቅ ብላ።

«ዘፈን ነው።»

«የበሩ ደወል የተጠገነ መስሎኝ።»

ቅዳሜ ኪዶ ዱላውን ይዞ ሲወጣ ኢሳያማ አምስተኛው ረድፍ ላይ ቆሞ ነፋ። የመጀመሪያው ድምፅ ላይ ተሰነጠቀበት፤ ተሰነጠቀ ብሎም አሰበ፣ ይህ ይሰማል። ሂሮኤ መታች። ስምንት ሺሑ ሰው ዘፈኑ አልቆ ይሁን ወይም ገና እየጀመረ ስላልገባው ግማሹ ቀደመ፣ ግማሹ ዘገየ። ኪዶ ሦስቱንም ኳስ ሳተ። ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ተጫዋቾቹ መቀመጫ ተመለሰ።

ኢሳያማ ዓይኑን አጥብቦ የልጁን ትከሻ ተከተለው። ከብዶት ይሆን? ቀልሎት? ከቀኝ ሜዳ እስከዚያ ከመቶ ሜትር በላይ ይርቃል። ከዚያ ርቀት የሚታየው ሰማያዊ ልብስና ቁጥር ብቻ ነው። እስከ መቀመጫው ድረስ አየው፣ ከተቀመጠም በኋላ አየው፤ ሂሮኤ በከበሮ ዱላዋ ጎኑን ጎሰመችው።

«አለቃ! የሚቀጥለው ወጥቷል እኮ!»

ትራምፔቱን ወደ አፉ አስጠጋ።